ያልነበረኝን መንጃ ፈቃድ ማንም አልነጠቀኝም

ወንድሜ ሌስተር፣

ሰላምታዬን ከማቅረቤ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። እኔ መጠጥ አልጠጣም። ሰክሬ መኪና ነድቼ አላውቅም፤ መንጃ ፈቃዴንም ማንም አልነጠቀኝም፤ በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅምና። ይህን አንቀጽ ደግመህ አንብበውና ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? የአሪዞና አየር ተስማማህ ወይ? ያ ደረቅ ሳልህ ለቀቀህ? የባለቤትህ የኖርማ ጉልበትስ ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዴት ሆነ፣ ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀመረች? እኔ ከእግሬ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናት። ዓይኗ ከጥላ በቀር ምንም አይለይላትም፤ ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ለእሷ ያልተነገረውን ሁሉ ትሰማለች። ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ነገር ግን በስልክ ስናወራ ሐሳቤን ግማሽ ላይ ታቋርጠኛለህ። ደብዳቤ ደግሞ አይቋረጥም።

ባለፈው እሑድ ደውለህ፣ እናታችንን በመጪው ወር መጀመሪያ አሁን ካለችበት ማረፊያ አውጥተህ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወደተሠራው አዲስ የአረጋውያን ማረፊያ እንደምታዛውራት ነገርከኝ። ፊርማው ያንተ ስለሆነ ማንም አይከለክልህም። ምክንያቱን ስጠይቅህ ጉሮሮህን ጠረግህና «እህት ዓለም፣ አንቺም የራስሽ ችግር አለብሽ። ጓደኛዬ ዴልበርት ቤቱ እዚያው አጠገብ ነው፣ እሱ ያያታል» አልከኝ። «የምን ችግር?» ስልህ፣ «ተይው፣ በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው» ብለህ ዘጋኸው። ችግሬ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ማክሰኞ ማታ ነው። እንዴት እንዳወቅኩት ከመጀመሪያው አንሥቼ እጽፍልሃለሁ፤ ቅደም ተከተል ሳልይዝ መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

ከቺካጎ የመጣሁት አንተ ስለለመንከኝ ነው። አንተ ወደ ፀሐይ አገር ስትሄድ እናታችን ይህን ከተማ አልለቅም አለች፤ አንድ ሰው አጠገቧ መኖር ነበረበት። «ነይ እንጂ፣ እዚህ ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ ነው» አልከኝ። ሐኪሙ አሥር ደቂቃ፣ ገበያው አሥር ደቂቃ፣ እናታችን አሥር ደቂቃ። በምን እንደሆነ አልነገርከኝም። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ በባቡር ስሄድ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልጠየቅኩም። ቤቱን የመረጥክልኝም አንተ ነህ፤ ከመኪና ማቆሚያ ቦታ ጋር። ቺካጎ በረንዳ ነበረኝ፤ እዚህ በበረንዳ ፋንታ ያ የተሰመረ አስፋልት ደረሰኝ። በመስከረም ታጣፊ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ስሞቅበት የሕንፃው ኃላፊ መጥቶ «ይሄ ቦታ ለተሽከርካሪ ነው» አለኝ። «ወንበሩ ጎማ ቢኖረውስ?» አልኩት። አልሳቀም።

በመጣሁ ሰሞን ወደ ገበያ በእግሬ ስሄድ አንዲት ወጣት ሴት መኪናዋን አቁማ «ማዘር፣ መኪናዎ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። «መኪና የለኝም» ስላት ፊቷ ተለወጠ። «ይግቡ ላድርስዎት። አይዞዎት፣ ያልፋል» አለችኝ። የሚያልፍ ነገር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። በሌላ ቀን አንድ ሽማግሌ እንዲሁ አሳፍሮኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ወር ቀረዎት?» አለኝ። «የምን ወር?» ስለው ራሱን ነቀነቀና «ልክ ነዎት፣ እኔን አያገባኝም» አለ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ለክፉ ሰው መልስ አለኝ።

ፋርማሲው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በሩን ይዘጋና ሰው የሚያስተናግደው ባለ መኪና ሳይወርድ በሚገዛበት መስኮት ብቻ ነው። የእናታችንን የዓይን ጠብታ ለመውሰድ ከመኪኖቹ መካከል ተሰልፌ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ በድምፅ ማጉያው «ማዘር፣ መኪና ውስጥ ላልሆነ ሰው መስጠት አንችልም» አለኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «ደንብ ነው። መኪና ይገጭዎታል» አለ። ሊገጨኝ የሚችለው ከኋላዬ ያለው እንደሆነ፣ እሱም ቆሞ ተራውን እየጠበቀ መሆኑን ላስረዳው ሞከርኩ። በመጨረሻ ከኋላዬ የነበረው ባለ ጭነት መኪና ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። ተሳፍሬ ጥቂት እርምጃ ያህል ተነዳሁና ጠብታውን በዚያው መስኮት ተቀበልኩ። ልጁም በሕይወቱ አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው «መልካም ምሽት፣ እንዴት ዋሉ?» አለኝ።

ክረምቱ ሲገባ በረዶ ጠራጊው መኪና መንገዱን ያጸዳና ያነሣውን ሁሉ በእግረኛው መንገድ ላይ ይከምረዋል። ከተማው እንዳትሄጂ ብሎ በግልጽ ቢከለክለኝ ቢያንስ አቤት የምልበት ነበረኝ። አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ይመጣል፤ ከመሸ የለም፣ እሑድም የለም። ስለዚህ እናታችንን እሑድ አላያትም። እሑድ እሑድ ዴልበርት ይሄድላታል ብለኸኝ ነበር። አልሄደም፤ እሷን ጠይቃት። በሌሎቹ ቀናት የሚያደርሰኝ ኦቲስ የሚባለው ሾፌር ነው። የእናታችን ማረፊያ ፌርማታ ከሰፊው መንገድ ማዶ ነው፣ መሻገሪያ የለውም፤ ኦቲስ ከመስመሩ ወጥቶ በሩ ድረስ ያስገባኛል። «ማዘር፣ እርስዎ ባይኖሩ እኮ ይሄን ቆርቆሮ ባዶውን ነው የማዞረው» ይለኛል። በዚህ ከተማ መኪና ለምን እንደሌለኝ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ ወደ ዴልበርት ልምጣ። በረዶው በሚጀምርበት ሰሞን ፌርማታው ላይ ቆሜ ሳለ አገኘኝና «ግቢ» አለኝ። ገባሁ። እናታችን የምትወደው የወይን ጭማቂ በጠርሙስ የሚሸጠው መሆኑን ታውቃለህ፤ አራት ጠርሙስ በከረጢት ይዣለሁ። መኪናው በነጠረ ቁጥር ጠርሙሶቹ ይንኳካሉ፤ ዴልበርት ከረጢቱን በጎን እያየ ዝም ይላል። እኔም ምንም ሳልጠረጥር «ዴልበርት፣ ቀስ በል፣ አንዱ ከተሰበረ ቀኔ ተበላሸ ማለት ነው» አልኩት። ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ንግግር ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰላምታው ተለወጠ። እጄን ሲጨብጡኝ ቶሎ አይለቁም። ባለፈው ሳምንት መዘምራኑን የምትመራው ማርሊስ ፎሶሊያ በክሬም ጋግራ ቤቴ ድረስ መጣች። ይህን ምግብ እዚህ ለማን እንደሚወስዱት ታውቃለህ፤ እኔ ግን ማንም አልሞተብኝም። ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ ቆማ «ኦገስታዬ፣ ማክሰኞ ማታ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ጥቂት ሰዎች እንሰበሰባለን። ቡና አለ፣ ኬክ አለ። ማንም አይፈርድብሽም» አለችኝ። የሹራብ ሠሪዎች ማኅበር መሰለኝ፤ ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች መፈራረድ ይወዳሉና። መርፌዬንና ክሬን በቦርሳ ይዤ ሄድኩ።

ሹራብ የያዘ ሰው አልነበረም። ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንድ ጣሪያ ሠሪ ወደ እኔ ዞሮ «እኔም አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ማዘር በእግሬ ነበር የምኳትነው» ብሎ ጀመረ። ሰክሮ የጎረቤቱን አጥር እንዴት እንደጣሰ፣ ፈቃዱን እንዴት እንደተነጠቀ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣት እንዳቃተው ተናገረ። ስሙን አልጽፍልህም፤ እዚያ የተነገረ እዚያው ይቀራል ተባብለናል። ያን ጊዜ የመጣሁት መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች ስብሰባ ላይ መሆኑ ገባኝ፤ ሌላውም ሁሉ ገባኝ፤ «ያልፋል» ያለችኝ ሴት፣ ወር የቆጠረልኝ ሽማግሌ፣ የዴልበርት ዝምታ፣ ያንተ «በማንም ላይ የሚደርስ ነገር»። እዚህ ጤነኛ አዋቂ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፣ ሰክሮ ነድቶ ፈቃዱን መነጠቁ፤ ሌላ ምክንያት ለማንም አይታሰበውም።

ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ «ኦገስታ እባላለሁ። አልጠጣም። መኪና መንዳትም አልችልም» አልኩ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «እንኳን ደህና መጣሽ ኦገስታ» አሉኝ። ጣሪያ ሠሪውም በርኅራኄ «አይዞሽ ማዘር፣ ሁላችንም አልጠጣም ብለን ነው የጀመርነው» አለኝ። አርባ ዓመት ጂኦሜትሪ ሳስተምር፣ ነገሩን መካዴ ለነገሩ ማረጋገጫ ሆኖ ሲቀርብብኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሲናገር ጥዬ መውጣት ስላልለመድኩ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። በእነሱ አልቀልድም። ስለ ራሳቸው እውነቱን ይናገራሉ፤ አንተ ስለ እኔ ያን ያህል እንኳ አልቻልክም። ማርሊስ በመኪናዋ ወደ ቤት ስትመልሰኝ፣ ለአንተ የነገረህ ዴልበርት መሆኑን አወጣችው። «ላንቺ አስቦ ነው እኮ፣ አትቀየሚው» አለችኝ።

ዴልበርትን አልቀየመውም። ዴልበርት እኔን አያውቀኝም፤ ያየው ሴትና ጠርሙስ ነው። አንተ ግን ታውቀኛለህ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ በአባታችን መኪና መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። መስመር ባየሁ ቁጥር ስቆም፣ ለመታጠፍ ሦስቱንም መስታወት ደጋግሜ ሳይ፣ «አንቺ ቅጠል ሲበር ካየሽም ቅድሚያ ትሰጪዋለሽ! ባቡር ለአንቺ ነው የተሠራው» ብለህ ቁልፉን ከእጄ ወሰድክ። እኔም ሁለተኛ አልያዝኩትም። ከእኔ ላይ ከመኪና ጋር የተያያዘ ነገር የወሰደ ሰው ካለ፣ ሌስተር፣ አንተ ነህ። ይህን እያወቅክ ዴልበርት «ፈቃዷን ነጥቀዋታል» ሲልህ «ፈቃድ መቼ ነበራት?» የሚል አንድ ጥያቄ ከአፍህ አልወጣም። ለምን አልወጣም ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ያገኘሁት መልስ አንድ ነው። ሰካራም እህት ካለችህ፣ እናትህን ለዴልበርት አስረክበህ በሰላም ፀሐይ መሞቅ ትችላለህ። በእግሯ የምትሄድ እህት ካለችህ ግን በበረዶ ውስጥ የምትሄደው በአንተ ፋንታ መሆኑን ማሰብ ይኖርብሃል። ተሳስቼ ከሆነ ስህተቴን አሳየኝ፤ አርማለሁ።

አዲሱ ማረፊያ አውቶቡስ አይደርስበትም። ኦቲስን ጠይቄው «ማዘር፣ እዚያስ ጭራሽ መስመር የለም፤ ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ በቆሎ እርሻና አውራ ጎዳና ነው» ብሎኛል። በእግር እንዳልሻገረው አውራ ጎዳናው አጥር አለው። ስለዚህ አንተ ስትፈርም የምትፈርመው እናታችን እኔን ዳግመኛ እንዳታገኝ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ትናንት ጭማቂዋን እያጠጣሁ ሁሉንም ለእናታችን ነገርኳት። መጀመሪያ ነርሷ እስክትመጣ ድረስ ሳቀች። «ኦገስታ? ለገና አንድ ብርጭቆ ወይን ብሰጣት ለአበባው ያጠጣችው ልጅ?» አለች። ነርሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ አዲሱ ቤት ነገር ተሻገርኩ። ሐይቅ እንዳለው፣ መስኮቶቹ ሰፊ እንደሆኑ፣ አንተ ያልከኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ያንተን ወገን ማጉደል ስላልፈለግኩ። ሰምታ ስትጨርስ ያለችውን እንዳለችው እጽፍልሃለሁ፤ «ሐይቁን በምኔ ላየው ነው? እኔ የማውቀው ኮቴ ነው። ቀትር ላይ በሩ ሲከፈት የኦገስታን ቦት እሰማለሁ፣ በረዶውን ምንጣፉ ላይ ስታራግፍ። ሌስተርን ጠይቂልኝ፣ እዚያ የማንን ኮቴ ነው የምሰማው?»

እኔም የምጠይቅህ ይህንኑ ነው። እንዳትፈርም። ለዴልበርት ደውለህ እህቴ መንዳት አትችልም በለው፤ ለማርሊስ እሱ ይንገራት፣ ከተማውም ከእሷ ይሰማ። እኔ ከዚህ በኋላ ለማንም አላስረዳም፤ ማስረዳቴ ምን እንደሚያተርፍልኝ ምድር ቤቱ ውስጥ አይቻለሁ። ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልለምንህም። ከፈለግክ በፀደይ መጥተህ መኪና ሳትከራይ ሰንብት፤ ያን ጊዜ ስለ አሥር ደቂቃ እናወራለን።

ለኖርማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጉልበቷን ሳታስገድድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትራመድ። ለክላራ ከአክስቷ ብዙ ፍቅር፤ የዩኒቨርሲቲ ፈተናዋን በችኮላ እንዳትሠራ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሳ እንድታይ ንገርልኝ። ለሽማግሌው ውሻችሁም አንድ ጊዜ ጀርባውን እከክልኝ። እናታችን ትስምሃለች፤ ተቆጥታም ቢሆን ትስምሃለች። ለዴልበርት ሰላምታ አልልክም፤ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ስለሚደረስ እሑድ ራሴ አገኘዋለሁ።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል፣ ፖስታም ከአንተ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ተቀመጥና መልስህን ጻፍ። እናታችን ማንበብ ስለማትችል ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነብላት እኔ ነኝ፤ አንድም ቃል አልዘልም። እናትህ ስትሰማው የማታፍርበትን ጻፍ፤ ቶሎም ጻፍልን።

እህትህ ኦገስታ
ግራንት ፎርክ፣ ኢንዲያና
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2019