ቦታ ለመቆጠብ የወጣው ጎማ

ለኤሌክትሪክ መኪና አስመጪው ድርጅት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለመኪናዎ አራት ጎማዎች ጤና እመኛለሁ። አምስተኛ እንደሌለዎት ስለማውቅ ምኞቴ ከልብ ነው።

እኔ ባሌ የሞተብኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ አዋላጇ ልጄ ከእርስዎ ዘንድ መኪና ስትገዛ፣ ማንም የማያነበውን የመመሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ነኝ። ምስጋናዬም ቅሬታዬም የሚነሱት ከዚያው ነው።

፩. በትርፍ ጎማ ፈንታ ስለሰጡን ጠርሙስ አመሰግናለሁ። ውስጡ ያለው ሙጫ መሳይ ፈሳሽ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ሚስማር የወጋውን ጎማ ይደፍናል፤ ጎኑ የተቀደደውን ግን አይደፍንም። መንገዶቻችን ይህን ሳያነቡ በመቅረታቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ማክሰኞ ቀትር ላይ ስለታም ድንጋይ የልጄን ጎማ ጎኑን ቀደደው። በኋላ ጠርሙሱን ገልብጬ ሥሩን ባነበው፣ መኪናው ከመሸጡ አራት ወር ቀድሞ ጊዜው አልፎበታል።

፪. ስለ ስልክ አገልግሎትዎም አመሰግናለሁ። ልጄ ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት እንደሆነ ስትናገር፣ ትሕትና ያልጎደላት ሠራተኛዎ «አይዞሽ እኅቴ» እያለች አጽናናቻት። መኪናው በገመድ ቢጎተት ሞተሩ ስለሚጎዳ፣ አዝሎ የሚወስደው የጭነት መኪና እስኪመጣ ከቦታዋ እንዳትንቀሳቀስም መከረቻት። ለካ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጋራዥ ገብቷል። ምን ሆኖ ነው ብትል፣ ጎማ ነው አለቻት።

፫. በአቅራቢያው የነበረው ጎሚስታ ክሪኩን ተሸክሞ ቢመጣም፣ የት ላይ እንደሚያሳርፈው ስላላወቀ በመኪናው ሆድ ሥር የተዘረጋውን ባትሪ እንዳይወጋ ፈራ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየና፣ ይህን የሠራው ሰው በእግሩ የሚሄድ ዘመድ የለውም ማለት ነው ብሎ ተመለሰ።

ልጄ ቦርሳዋን ተሸክማ፣ ከባድ መኪኖች በሚፈተለኩበት ጎዳና ዳር ዳሩን ሁለት ሰዓት ተጓዘች። በእግሬ እየሄድኩ ነው ብላ ስትደውልልኝ መርፌው ከእጄ ወደቀ። ሕፃኑ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። እናትና ልጅ በሕይወት አሉ፤ ለዚህ የማመሰግነው ግን እርስዎን አይደለም።

፬. ይህኛው ቅሬታ አይደለም። ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅ፣ ያስተናገዱኝ ሰው ጎማው የቀረው ቦታ ለመቆጠብና ክብደት ለመቀነስ መሆኑን ፈገግ እያሉ አስረዱኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ነገር ከእርስዎ በፊት አስቤዋለሁ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ሁለት ጥቅል ጨርቅ ተጨምሮ እንዲጫንልኝ ብዬ፣ ባሌ ሳያየኝ ትርፍ ጎማውን ከመኪናችን አውጥቼ ጓዳ አስገባሁት። መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ባሌ እርዳታ ፍለጋ የጎዳናውን ዳር ይዞ ሲሄድ ከባድ መኪና ገጨው። ትርፉ ጎማ የት ሄደ ሲሉኝ ሌባ ወስዶት ይሆናል አልኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ያንን ሌባ ሲረግም፣ እኔም አብሬ አሜን ብያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ትናንት ለልጄ አነበብኩላት። ዛሬ ጠዋት የተቀደደው ጎማ የተለወጠላትን መኪናዋን አስነስታ ሥራ ሄደች፤ በአራት ጎማ።

ልመናዬ አጭር ነው፤ ለእሷና ከእርስዎ ለገዛ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ትርፍ ጎማ ከነክሪኩ ይስጡልን። ቦታ ከጠበበ ዕቃችንን እኛ እናወርዳለን።

ቦታ በመቆጠብ የቀደምኩዎት፣ በጸጸት ግን እንዳይከተሉኝ ከልብ የምመኝልዎ፣ አክባሪዎ

የአዋላጇ እናት

ማስታወሻ፦ ያ ጎማ ዛሬም ጓዳዬ ውስጥ አለ። ጎሚስታው ለክቶት በእርስዎ መኪና ላይ እንደማይገጥም ነግሮኛል፤ ስለዚህ ለቢሮዎ ልልክልዎ ወስኛለሁ። ያጣብበኛል ብለው አይስጉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ያጣበበው ጓዳዬን አይደለም።