በሩ አጠገብ ያለው ወንበርህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ ደስ የሚል ወሬ ስላለኝ ነው፤ ልቅሶዬንስ ጠግበኸዋል።

ቤቱ ደህና ነው። ነገ ነገ ስትል የኖርክበትን የግቢውን ሽንት ቤት በር አሠራነው። በሩ አጠገብ ያለው ወንበርህ ግን እንዳለ ነው። እዚያ የምትቀመጠው ነፋስ ስለምትወድ ይመስለኝ ነበር። እየደጋገምክ ለሽንት ስትወጣም ብርድ ነው አልከኝ፤ እኔም አምኜህ ሹራብ ገዛሁልህ። ያውም ነርሷ ልጅህ! ጤና ጣቢያ የሚመጣውን ወንድ ሁሉ ሽንትዎ ይቆራረጣል ወይ፣ ሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ ወይ ስል እየዋልኩ፣ አንተን አፈርኩህ። አንተም አፈርከኝ። የተነጋገርነው ካንሰሩ ከፕሮስቴት እጢህ አልፎ አጥንትህ ከገባ በኋላ ነው። ለዚህ ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኝ ነበር።

በሙት ዓመትህ ታናሽ ወንድምህ ጋሽ ለማ ከገላን ኮንዶሚኒየም መጡና፣ ሶፋው ባዶ ሆኖ ሳለ ወንበርህ ላይ ተቀመጡ። ምሳው እስኪያልቅ አራት ጊዜ ወጡ። ጓዳ ጠርቼ ስለ ሽንታቸው ጠየቅኋቸው። የወንድሜ ልጅ እንዴት ይህን ትጠይቂኛለሽ ብለው ተቆጡ፤ ምርመራው በመቀመጫ በኩል በጣት መሆኑን ስነግራቸውማ ኮፍያቸውን አንስተው ሊሄዱ ነበር።

«አባቴን ያልጠየቅሁት አፍሬ ነው» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን መልሰው አስቀመጡ።

ሐኪሙ ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ከመጋረጃው ውጭ ሆኜ፣ በጎንዎ ይተኙ፣ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ይሰብስቡ፣ በአፍዎ ይተንፍሱ እያልኩ ነገርኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ ቀበቷቸውን እያጠበቁ ወጡና፣ ይኸው ነው እንዴ አሉኝ፣ ቅር እንዳላቸው ሁሉ። ሐኪሙ ከእጢያቸው ያስወሰደው ናሙና ውጤት እስኪመጣ ግን እህል አልበላልህ አለኝ። ፕሮስቴታቸው አብጧል እንጂ ካንሰር የለባቸውም ብሎ ሐኪሙ ሲነግረኝ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። በሽተኞቹ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ያጽናኑኝ ጀመር።

ባለፈው እሑድ መድኃኒቱ ተስማምቷቸው፣ የሰጠኋቸውን ሹራብህን ለብሰው መጡ። ሶፋው ጥግ ገብተው አንዴ እንኳን ሳይነሱ ምሳቸውን ጨረሱ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቀለል አለኝ።

አባዬ፣ በር አጠገብ የሚቀመጥ አባት ባየሁ ቁጥር አስታውስሃለሁ። እያፈርኩም ቢሆን እጠይቀዋለሁ።

ነርሷ ልጅህ