እናታችን የሞላቻቸው አራት ብልቃጦች

ለምወድህ ወንድሜ ለባሱ፣

እንደምን ከርመሃል? የማርሴይ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ዜይናስ፣ ልጆቻችሁስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን ብዬ መቀጠል ወጉ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም።

ማክሰኞ ዕለት የሐኪሞቹ መኪና መጣ፤ በዓመት አንዴ የሚመጣው። ነርሷ ለእኔና ለሦስቱ የወንድሞቻችን ሚስቶች አንድ አንድ ብልቃጥ ሰጥታ ሽንት አምጡ አለችን። እናታችንማ «እኔ ምን ሆኜ! ሐኪም ለእናንተ ለልፍስፍሶቹ ነው» ብላ ስሟን እንኳ አላስመዘገበችም። መቼም ወንዶቹ ደጅ ተኮልኩለው እያዩ ሽንት ይዞ ማለፍ እንዴት ያለ ውርደት ነው! ስንሽኮረመም ጊዜ ሳቀችብንና «አምጡት ወዲህ፣ በእኔ ዕድሜ ምን ሐፍረት አለ» ብላ አራቱንም ብልቃጥ ራሷ ሞልታ ሰጠችን። ሳቃችን ለጉድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ አስጠራን። አራታችሁም ከባድ ስኳር አለባችሁ አለ። የወንድማችን የኡሱ ሚስት ሃዳ እዚያው ዘጭ አለች፤ የኡሱም ፊት አመድ መሰለ። ሐኪሙ ግን ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «የአራት ሰው ሽንት እንዲህ አንድ ዓይነት ይሆናል? እውነቱን ንገሩኝ» አለ። እናታችን ናት በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች «የእኔ ነው ልጄ፣ አትቆጣቸው» ያለችው። እሱ አልሳቀም። ጫማሽን አውልቂ አላት።

ባሱ፣ ምን ልበልህ! የቀኝ እግሯ ጣቶች ጠቁረዋል፣ ቁስሉ ሸቷል። ካልሲ ደራርባ ማገዶ ስትሸከም የከረመችው በዚያ እግር ነው። «አያመኝም እኮ» አለች። ክፉው አለማመሙ ነው፣ ስኳሩ እግሯን አደንዝዞታል አለ ሐኪሙ።

በዚያው መኪና ከተማ ሆስፒታል ወሰድናት። ከጉልበቷ በታች ካልተቆረጠ ትሞታለች ብለውናል፤ ቢዘገይ እስከ ሰኞ ነው። እሷ «በሁለት እግሬ መጥቻለሁ፣ በሁለት እግሬ እሄዳለሁ» ብላ ድርቅ አለች። ኡሱ አለቀሰ፣ እኔ ተንበርክኬ ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች! አባታችን ከሞተ ወዲህ የማንን ቃል እንደምትሰማ ታውቃለህ። ቤት ከቀየርክ በኋላ ስልክህ ስለሌለን ይህን ደብዳቤ ነገ በአውሮፕላን ለሚሳፈረው ለአጎታችን ልጅ ለሞሐ እሰጠዋለሁ። የሆስፒታሉን ቁጥር ከጀርባው ጽፌልሃለሁ። በደረሰህ ሰዓት ደውልና የምፈልገው አንቺን ነው፣ እግርሽን አይደለም በላት።

ዜይናን፣ ትንሿን ኢጃንና ሳኩን ሳምልኝ ብላሃለች ሃዳ። ኡሱም ከነልጆቹ ሰላም ይልሃል። ከእናታችን ግን ሰላምታ የለህም። ለባሱ ትንፍሽ እንዳትሉ ብላ አስምላናለች፤ መጻፌን አታውቅም።

እህትህ ኢቶ

ታግዚርት፣ አትላስ ተራራ
ኖቬምበር 12 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.