ሆዴ ይጾማል፣ ጣቴ ይገድፋል

ለተከበሩ የ«ጓዳዎ ይሙላ» የቴሌግራም ገበያ አስተዳዳሪ
ባሉበት፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ለአፍታ የማያርፈው ስልክዎም እንደምን ከርማችኋል? እኔ የፍኖተ ሰላሟ ደንበኛዎ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ጓዳዬም እንደ ገበያዎ ስም ሞልቷል። በምን እንደሞላ በትሕትና ላስረዳ።

አንደኛ፦ በሁዳዴ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውኃ ሳልቀምስ ስቆይ፣ ልክ አንጀቴ በሚታጠፍበት ሰዓት የሥጋ መፍጫ፣ የእንቁላል መቀቀያና የኬክ መጋገሪያ እያሳዩ ስላጽናኑኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁሉንም ገዝቻለሁ። የመናኸሪያ ጫኝና አውራጆች ዛሬ የሚያውቁኝ በስሜ ሳይሆን በካርቶኔ ነው።

ሁለተኛ፦ ነገሩን ለንስሐ አባቴ ለቄስ ገብረ ሕይወት ባዋያቸው፣ እጄ ወደ ስልኩ ሲሄድ ምን እንደሆንኩ ራሴን እንድጠይቅና አቡነ ዘበሰማያት እንድደግም መከሩኝ። ጠየቅሁ። ተርቤ ኖሯል። በሌላ ቀን ደግሞ ከባለቤቴ ከአቶ ንብረት ጋር ተኮራርፌ ኖሯል። ስለዚህ ራሴን በሚገባ አውቄያለሁ፤ ማወቄ ግን ጣቴ ዘንድ አልደረሰም። ጸሎቱንም ቢሆን፣ «ጥቂት ነው የቀረው» የሚሉት ዕቃ እንዳያመልጠኝ እያጣደፍኩ አደርሰው ጀመር። ሆዴ ይጾማል፣ ጣቴ ይገድፋል።

ሦስተኛው ቀልድ የለውም። የማርያም ማኅበራችን የግንቦት ተረኛ እኔ ነኝ፤ ጽዋው ባለፈው ወር ቤቴ ገብቷል። ባለቤቴ ቀደም ብሎ ለዝክሩ ጠላ የሚሆን ዳጉሳ ማንኩሳ ካሉት ወላጆቹ አስጭኖ አምጥቶልኝ ነበር። እርስዎ በጸሎተ ሐሙስ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ የጠላ ብርጭቆ ለጠፉ። ለማኅበሩ ያምርልኛል ብዬ ዳጉሳውን ሸጬ አዘዝኩት። ባለቤቴ ባዶውን ጆንያ አጣጥፎ ከብርጭቆው ካርቶን ላይ አኖረልኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እናቱ እትዬ ታንጉት ግን ዳጉሳ ጠላ ሲሆን እንጂ ብርጭቆ ሲሆን አይተው እንደማያውቁ በሰው ልከውብኛል። ማኅበርተኞቹ በሃያ አንድ ይመጣሉ። ጽዋውን ሳልዘክር ለማኅበሩ መሪ ለሙሴያችን ልመልስ? እንዲህ ያደረገች ሴት በአገራችን ሰምቼ አላውቅም። አፍሬያለሁ፣ የማደርገውም ጠፍቶኛል።

ስለዚህ ከመጪው የሰኔ ጾም ጀምሮ ማስታወቂያዎን እህል ከቀመስን በኋላ እንዲለጥፉልን እማጸናለሁ። ለምን ከገበያው አትወጪም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ወጥቼ ነበር፤ ከወጣሁ በኋላ ምን ለጥፈው ይሆን ብዬ ለማየት ተመልሼ ገባሁ።

ጓዳዬን ለመሙላት ስላሳዩት ያልተቋረጠ ትጋት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ በእርስዎ ዘንድ የታመንኩ፣ በቤቴ ግን መታመን ያቃተኝ

እህተ ማርያም
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት ፳፻፲ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ብርጭቆዎቹ በሰላም ደርሰዋል፤ አንድም አልተሰበረም፣ እጅግም ያምራሉ። የሚሞላባቸው ጠላ ካለዎት ከሃያ አንድ በፊት በመጀመሪያው አውቶቡስ ይላኩልኝ። ዋጋውን እንደሆነ ድሮም ጠይቄ አላውቅም።