የወር አበባሽ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው

መዲናዬ፣ የረምላ እናት፣ አላህ ማረፊያሽን ሰፊ ያድርግልሽ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር አለፈን። መቃብርሽ ዘንድ ስመጣ ዱዓ አድርጌ እመለሳለሁ እንጂ አውርቼሽ አላውቅም፤ እዚያ ሰው አይጠፋም፣ እኔም አፌ ይያዛል። ይህን ግን ሳልነግርሽ መቆየት አልቻልኩም። ረምላ ትምህርት ቤት ሄዳለች። መኪናውን ግቢ አቁሜ ከእሷ ደብተር በገነጠልኩት ወረቀት ላይ እየጻፍኩልሽ ነው።

ቤታችን እንደተውሽው አይደለም። የጓዳው ጣራ ተቀይሯል። ሎሚሽ አፍርቷል፤ ጎረቤቶች ሳይጠይቁ ይቆርጡታል፣ እኔም አንቺ ዝም ትያቸው ስለነበር ዝም እላለሁ። ጫት ትቻለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ከጁምዓ ወደ ጁምዓ ሆኗል። ሚኒባሷ ያችው ናት፤ ዛሬም ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ረምላ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። ቁመቷ አንቺን አልፏል፣ ሳቋ ግን ያንቺው ነው።

ልነግርሽ የተነሳሁት ስለ ልቧ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ድንገት ተቀመጠች። እጇ ደረቷ ላይ ነበር። ቀረብ ስል አንገቷ ላይ ያለው ደም ሥር ሲዘል በዓይኔ አየሁት። መዲናዬ፣ ያንን አንገት አውቀዋለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደመጣው በድንገት ተዋት። በማግሥቱ እዚሁ ኮምቦልቻ ክሊኒክ ወሰድኳት። የደም ግፊቷን ለኩ፣ ትርታዋን ቆጠሩ፣ ምንም የለባትም፣ የትምህርት ጭንቀት ነው አሉኝ። ላንቺም ያሉሽ ይህንኑ ነበር። እኔም ያን ጊዜ እንዳደረግኩት ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከወር በኋላ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ተደውሎልኝ ስደርስ ግን ዛፍ ሥር ተቀምጣ ውሃ ትጠጣለች፤ ልቧ ረግቷል። እንደገና ተለካች፣ እንደገና ጤነኛ ናት ተባለ። እህትሽ አሚናት ቢስቲማ ሆና ሰምታ ዓይን ነው፣ ሼሁ ዘንድ እናድርሳት አለች። እምቢ አላልኩም፣ ዱዓ ተደረገላት። እኔን ግን አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ጀመር።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሱብሂን አብረን ነው የምንሰግደው፤ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላዬ። ሀይድ፣ የወር አበባዋ፣ ሲመጣባት ስለማትሰግድ መስገጃዋ እንደታጠፈ ይውላል። አባት ነኝና አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ልቧ ከመታባት በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን ለውዱእ ውሃ እየቀዳሁ መስገጃዋ እንደታጠፈ አየሁ። ያለፈውም ጊዜ እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያውም። ውሃው በእጄ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ።

ምክንያቱም አንቺም እንደዚያ ነበርሽ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ቀኖችሽን ሳትነግሪኝ አውቃቸው ነበር። ሊመጣብሽ ሁለት ቀን ሲቀረው ራስሽን ያዞርሽና ትቀመጫለሽ፣ ልቤ ሊወጣ ነው ትዪኛለሽ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስልሽ ቀኖቹ ይለፉና ትያለሽ። ሲያልፉ ጋቢና ከጎኔ ቁጭ ብለሽ፣ የሐረጎን ዳገት እየሳቅሽ ደሴ እንወጣለን። ይለኩሻል፣ ደህና ነሽ ይሉሻል። የታመመውን ልብ ቤት ትተን ጤነኛውን ነበር ለሐኪም ስናሳይ የኖርነው።

ልጄን ስለ ሀይዷ እንዴት ልጠይቅ? አሚናትን በስልክ ጠይቂልኝ አልኳት። በማግሥቱ ደውላ፣ አዎ፣ ሁልጊዜ አንድ ወይ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ብላለች አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ያንን ዝምታ ያን ዕለት አልገባኝም።

እንግዲህ የቀረኝ መጠበቅ ነበር። ልጁ የምትታመምበትን ቀን የሚጠብቅ አባት ሆንኩ፣ መዲናዬ። ቀኑ ሲቃረብ መኪናውን ከተራ አወጣሁ። ነዳጅ ሞልቼ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሬ አቆምኩ። ሳህን ሲወድቅ እደነግጣለሁ፤ ስትስቅ ደግሞ ዛሬም አልመጣም እላለሁ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቦርሳዋን እንደያዘች በረንዳው ላይ ቆመች።

«አባ፣ ጀመረኝ» አለችኝ።

ያንን መንገድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደወጣሁት አላህ ያውቃል። ያን ቀን ግን የማላውቀው መንገድ ሆነብኝ። ሐረጎ መታጠፊያው ላይ አንድ የጫነ ተሳቢ ከፊታችን እየዳኸ ይወጣል፤ ማለፍ አይቻልም። ከንፈሯ ነጥቷል። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል፣ ላብም አለው። ያ አላህ፣ ይህችን ልጅ አትውሰድብኝ፣ ልቧን አርጋልኝ እላለሁ። መለስ ብዬ ደግሞ ቢረጋ እንደ እናቷ ደህና ናት ተብላ ትመለሳለች ብዬ፣ እስክንደርስ አታርጋው እላለሁ። እንዲህ ያለ ልመና ለምኜ አላውቅም። እሷ ዓይኗን ጨፍና ቀስ ንዳ ትለኛለች።

ደሴ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ወረፋ ነበር። ነርሷ የረምላን አንገት አይታ ያለ ወረፋ አስገባችን። ዶክተሩ ወጣት ነው። ምን ሆነች ሲል ረምላ ሂጃቧን ወደ ፊቷ ሳበች። ጆሮዬ ጋለ። ቢሆንም ተናገርኩ።

«ዶክተር፣ ሀይድ ሊመጣባት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የሚነሳባት። እናቷም እንዲህ ነበረች፤ ሲያልፍላት ነበር የምናመጣት። እናቷ ሞታለች።»

አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ቶሎ ብለው ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉባት፤ ከመሣሪያው የወጣው ወረቀት ላይ መስመሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋግተዋል። ምቱ እንዲረጋ ትንፋሽሽን ይዘሽ ወደ ታች ግፊ አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ አልሆነም። ከዚያ በክንዷ መድኃኒት ወጉ። ረምላ ዓይኗ ፈጠጠ፣ አባ ለማለት አፏን ከፈተች፣ የመሣሪያው መስመር ቀጥ አለ። ለስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ገደልኳት ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። ከዚያ አንድ ምት መጣ፣ ቆይቶ ሌላ፣ ከዚያ እንደ ጤነኛ ሰው ልብ መምታት ጀመረ። ነርሷ ወንበር ሰጠችኝ።

ዶክተሩ አስረዳን። ልቧ ውስጥ ከልደቷ ጀምሮ አንድ ትርፍ መንገድ አለ፤ ምቱ አንዳንዴ እዚያ ይገባና ይሽከረከራል። የወር አበባ በሽታው አይደለም፤ ግን ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት የሰውነት ሆርሞን ስለሚለዋወጥ እንዲህ ያለውን ልብ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የአንዳንዷ ደም ግፊትም በእነዚያ ቀናት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ራስም ያዞራል አለ። ብዙዎቹ ካለፈላቸው በኋላ ስለሚመጡ ጭንቀት ነው ተብለው ይመለሳሉ አለን። በአልትራሳውንድ ታየች፤ የልቧ በሮች ደህና ናቸው። ደሟ ትንሽ አንሷል። መድኃኒት ጀምራለች፤ ትርፉን መንገድ ለማስዘጋት ለአዲስ አበባ ተጽፎልናል፣ ተራ እየጠበቅን ነው። ቀኖቿንና ትርታዋን አሁን ራሷ ትጽፋለች።

ስላንቺም ጠየቅኩት። ያላየሁትን ልብ እንዲህ ነበር ማለት አልችልም አለኝ።

ስንመለስ ሐረጎ ላይ ዳር ይዤ አቆምኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ለረምላ ነገርኳት። በሞትሽበት ቀን ጠዋት ልቤ ዛሬ ክፉኛ ነው ብለሽኝ ነበር። ቁልፌን አንስቼ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ወርሽ ሊደርስ ነው መዲና፣ ያልፋል፣ ትንሽ ጋደም በይ» ብዬሽ ወጣሁ። መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ ነው የጠሩኝ። ሰዉ ሁሉ ድንገት ነው ይላል። አውቅ ነበር፣ መዲናዬ። ቀኑን ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ ያወቅኩትን ግን አንቺን ዝም ለማሰኘት ነው የተጠቀምኩበት።

ረምላ፣ «አባ፣ ልቧ ሲመታባት ሳያት እማም ለእኔ እንዲሁ ነበር የምትለኝ። የወር ነው፣ ያልፋል ትለኝ ነበር» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አንቺን ግን እጠይቅሻለሁ፤ አውፍ በዪኝ።

ትናንት አሚናት ደወለች። ስለ ረምላ መድኃኒት ጠየቀች፣ ስለ ዝናቡ አወራች፣ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የእኔም ልብ እንደዚያ ይመታል አለች። የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ወዲህ ነው፣ በየወሩ። ቀኖቹ ሰሞኑን ናቸው፣ ሲያልፉ እመጣለሁ አለችኝ። እስኪያልፉ አትቆዪ፣ እኔው እመጣለሁ አልኳት። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ወደ ቢስቲማ እነሳለሁ።

መዲናዬ፣ ጋቢና ተቀምጠሽ ስትስቂ ብቻ አይደለም የማስታውስሽ፤ ያማል ብለሽኝ ያልሰማሁሽንም መዲና አስታውሳታለሁ። ከእንግዲህ አንዲት ሴት ልቤ ብትለኝ ምክንያቱን እኔ አልነግራትም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ መልሷን እስክትጨርስም ከበሩ አልወጣም።

ባልሽ ሁሴን