ከካሸሯ ራስጌ የወረደው ፎቶ

ለተከበሩ፣ ሰንሻይን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለሚገኘው የሞንጎሊያ ጥብስ ቤት ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለዚያ እሳቱ ለማይጠፋው ክብ የብረት ምጣድዎ፣ እንዲሁም ጣሪያ ላይ ሆኖ ገቢ ወጪውን ለሚጠብቀው ካሜራዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ስምዎን ለማወቅ አልታደልሁም፤ ደረትዎ ላይ የተለጠፈው ታግ ማኔጀር ብቻ ነው የሚለው። የእኔ ስም ወልዴ ይባላል፤ ስሜን ባያውቁትም መልኬን ያውቁታል፤ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ከካሸሯ ራስጌ ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ ነበርና።

ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ልልክልዎ አስቤ እንድትተረጉምልኝ ለልጄ ለማሂ ብሰጣት፣ ሦስት ገጽ የደከምሁበትን አንብባ ስታበቃ የአንድ መስመር ኢሜይል አደረገችው፦ የፎቶው ቅጂ ይሰጠን፣ እናመሰግናለን፣ ይላል። ጉዳዩ በእርግጥ ይኸው ነው። ኢሜይሉ ከተላከ ሦስት ሳምንት አለፈው፣ መልስም አልመጣ፤ ስለዚህ ዋናውን እዚህ ባለን የአገር ልጆች ማኅበር መጽሔት ላይ በአማርኛ አውጥቼዋለሁ። እርስዎ ዘንድ ባይደርስም እኔ ዘንድ እንዳያድር ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ቤትዎን በሁለት ቃል ላስተዋውቅ። ሰው ይገባል፣ ጎድጓዳ ሳህን ያነሣል፣ በፍሪጁ ዳር እየሄደ የቀዘቀዘውን ሥጋ፣ ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ኑድሉን ራሱ ይሞላል፣ ከሶሱም የወደደውን በጭልፋ ይጨምርና ለአብሳዩ ያስረክባል፤ አብሳዩም ብረቱ ላይ ገልብጦ በሁለት ረጃጅም እንጨት እያገላበጠ ጠብሶ ይመልስለታል። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል። እኔና ጓደኛዬ ኦላና ጡረታ ከወጣን ጀምሮ በየሳምንቱ ረቡዕ ቀትር ላይ ስንመጣ ነበር፤ እኔ ከካርልተን በትራምና በባቡር፣ እሱ ከቤቱ በእግሩ። ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ። ግድግዳዎ ላይ ሁለት ደንብ ተጽፏል። አንዱ ምግብ ማስተረፍ ክልክል ነው ይላል፤ ሌላው አንድ ሰው አንድ ሳህን፣ መካፈል ክልክል ነው ይላል። ኦላና ሆዱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ከአምስት ከስድስት ጉርሻ በላይ አይወርድለትም ነበር። ስለዚህ ወይ ማስተረፍ ወይ መካፈል ነበረበት፤ እኛ ደግሞ ምግብ መድፋትን ከሌብነት እኩል የምናይ ሰዎች ስለሆንን መካፈሉን መረጥን። የሁለት ሰው ከፍለን አንድ ሳህን ብቻ እንውሰድ ብለን ካሸሯን ለምነናት ነበር፤ ማሽኑ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም አለችን። በማሽኑ አልፈርድም፤ ከየት ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር ሆዱ ደህና በነበረበት ጊዜም ቢሆን የምንበላው ከአንድ ሳህን ነበር። ገዳሪፍ በስደት ሳለን የተዋወቅነው በአንድ ትሪ ዙሪያ ነው፤ እዚህም መጥተን ዶሮ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ስንሠራ ምሳችንን የምንቋጥረው በአንድ ዕቃ ነበር። ሁለት ሳህን ይዘን ብንቀመጥ ያየን የአገር ሰው ተጣልተዋል ብሎ ሽማግሌ ይልክብን ነበር። ረቡዕ ለእኔ ጾም ነው፤ ኦላና ጴንጤ ስለሆነ ጾሙ አይመለከተውም፤ ግን ከአንድ ሳህን ስለምንበላ አንድም ረቡዕ እጁን ወደ ሥጋው ሰድዶ አያውቅም። ይኸን ሁሉ ዓመት ሳይበላ የተወላችሁን ሥጋ አስባችሁለት ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ። ባለፈው ዓመት ሙቀቱ በጠናበት ሳምንት እርስዎ ራስዎ ወደ ጠረጴዛችን መጡ። በእኛ ዘንድ ሰው እየበላ ሳለ አጠገቡ የደረሰ ሁሉ እንብላ ይባላል፤ ለጠብ የመጣም ቢሆን አስቀድሞ ይጎርሳል፣ ጠቡ ከጉርሻው በኋላ ይደርሳል። ኦላናም፣ እርስዎ ደንቡን ሊያስታውሱን አፍዎን ሲከፍቱ፣ ለጉርሻ የከፈቱት መስሎት ኑድሉን በሹካ ጠቅልሎ ዘረጋልዎ። ሸሚዝዎ ላይ የወረደው እርስዎ በድንገት ወደ ኋላ ስላፈገፈጉ እንጂ እሱ ስለወረወረው አይደለም። በመዝገብዎ ላይ ሠራተኛን መተናኮል ተብሎ እንደተጻፈ በኋላ ከካሸሯ ሰማን። ስድሳ ስምንት ዓመት ኖሮ ማንንም ተተናኩሎ የማያውቅ ሰው ነበርና፣ መዝገብ ስለከፈቱለት አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። በሳምንቱ ብንመጣ ፎቶአችን ከካሸሯ ራስጌ ተሰቅሎ አገኘነው። ካሜራዎ ጥሩ አድርጎ አንሥቶናል። ኦላና ይስቃል፤ ሹካው ወደ እኔ ተዘርግቷል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አፌን እንደ ጫጩት ከፍቻለሁ፤ ጢሜ ላይ አንድ ክር ኑድል ተንጠልጥሏል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል መካፈል መስረቅ ነው ተብሎ ተጽፎበታል። በዚያኑ ቀን፣ ከዚያው ፎቶ ሥር፣ አንድ ጎረምሳ የሳህኑን ዙሪያ በካሮት አጥሮ፣ ሥጋውን በመዳፉ እየጠቀጠቀ ፎቅ ሲሠራና ኋላም ግማሹን ሲደፋው አይተናል። የእሱ ፎቶ የት እንደተሰቀለ ብንፈልግ አጣነው።

የማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሼ አምኃ፣ ስማችን ጠፋ፣ ጠበቃ ይያዝ ብለው ተነሥተው ነበር። የከለከላቸው ኦላና ነው። በዚህ አገር የሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ወይ ሲመረጥ ወይ ሲሰርቅ ነው፣ መመረጡ ካለፈን ይኸኛው አይቅርብን አለ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ሲገባ አስቀድሞ ለፎቶው ኮፍያውን ያነሣል፤ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ እየጠራ እኛ ነን ይላል። ፎቶ የሚባል ነገር አጥብቆ የሚሸሽ ሰው ነበር፤ ሠርግ ቤት እንኳ ካሜራ ሲመጣ የጫማውን ክር ለማሰር ያጎነብሳል። እናንተም ያገኛችሁት ካሜራው ጣሪያ ላይ መሆኑን ባለማወቁ ነው።

እኛ ግን ከፎቶው በኋላ ደንቡን አከበርን። ሁለት ሳህን ይዘን እንደተጣላ ሰው ፊት ለፊት ተቀመጥን። ኦላና ከፊቱ ያለውን አምስት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል፣ የቀረው ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፤ ማስተረፍ ክልክል ነው የሚለው ደንብም ምንም አላለንም። ይህ እስከ ዘንድሮ ፋሲካ ቆየ። ኦላና ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ሞተ።

አራተኛ። እዚህ ላይ የምጽፈው ነገር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። ቁጥሩ ክፍት ይቀመጥ።

አምስተኛ። ቺሊያችሁ አያቃጥልም። ከቀብሩ በኋላ ባለው ረቡዕ ብቻዬን መጥቼ ከፎቶው ሥር ተቀመጥሁ፣ ያኔ ገና በቦታው ነበር፤ ሦስት ጭልፋ ቺሊ ብጨምር ምላሴ ላይ እንደ ውኃ ሆነብኝ። በሳምንቱ አምስት ጨመርሁ፤ ያው ነው። በቀብሩም ላይ እንባ እምቢ ብሎኛል፤ ሰው ሲያለቅስ እኔ የምመለስበትን ባቡር ሰዓት አስብ ነበር። መናደድ ቢመጣልኝ እንኳ ደስ ባለኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ተናድጄ አይደለም። ማሂ ሐኪም ጋ ቡክ አድርጋልኛለች። ከቀጠሮዬ በፊት ግን ጥፋቱ የእኔ ይሁን የሶሱ እንዲያጣሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስድስተኛ፣ ዋናው። ለቀብሩ ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱን አስፋፍተው አቆሙት። ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ይመስላል። ልጁን ቶላኒን ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጠይቃት ብሄድ፣ አባቷ ሲስቅ የተነሣው ፎቶ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሚመጣባት የመንጃ ፈቃዱ ፊት ሆኗል። እኔም ሳላመነታ አለ አልኋት፤ የት እንደተሰቀለ አውቃለሁ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ተማምኜ ቃል የሰጠሁበት ጊዜ የለም።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ብመጣ ፎቶው የለም፤ በቦታው በስልክ ማዘዝ እንደሚቻል የሚናገር የሚያብረቀርቅ ወረቀት ተለጥፏል። ካሸሯ ቤቱ ስለታደሰ አሮጌው ሁሉ ወርዷል አለች፤ ወዴት እንደሄደ አታውቅም። ቅጣታችንን ስላነሡልን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቅጣታችን ይመለስልን። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አብሮት ቢመጣ ግድ የለንም፤ ሌባ ቢባልም ሳቁ የእሱ ነው። ቶላኒ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ሁለት ጊዜ አላነሣሁትም።

በአገራችን ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ኦላና ሆስፒታል ሲያርፍ እጁ በእጄ ውስጥ ነበርና ተረቱ ለእሱ በትክክል ሠርቷል። እኔ ከእንግዲህ የምተዳደረው በእናንተ ደንብ ነው።

ቤትዎ በሰው የሞላ፣ ምጣድዎ የጋለ፣ ካሜራዎም ዓይኑ የማይደክም ይሁን እያልሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የዘወትር ደንበኛዎና ሳይጠይቅ በምሕረት የተለቀቀው ግብረ አበር፣
ወልዴ
ከካርልተን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፎቶው ተጥሎ ከሆነ አይጨነቁ፤ ካሜራው አሁንም በቦታው እንዳለ አይቻለሁ። የፊታችን ረቡዕ ቀትር ላይ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እገኛለሁ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ። አንሥተው ከካሸሯ ራስጌ ይስቀሉኝ። ደንቡ ሲከበር ምን እንደሚመስል ሰው ይየው።