የስፌት መኪናሽ ያለበት ቦታ

ቢልቂስ፣
ይህን በሩ ላይ የሰካሁልሽ ስትገቢ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። የስፌት መኪናሽ አልተሰረቀም፤ ጎረቤታችን እትዬ ወይንሀረግ ቤት ነው። ፍራሽሽና ጫማዎችሽም እዚያው ናቸው።

ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ለሴፍቲኔት ድጎማ ስመዘገብ፣ ገቢ ያለው ሰው አብሮኝ ካለ እንዳይጥሉኝ ብቻዬን ነው የምኖረው ብዬ ነበር። ዛሬ ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ ያጣራል ሲባል ሰማሁና ዕቃሽን ተሸክሜ አወጣሁት። ወገቤ ተቆረጠ። ፍራሽሽም በሩ ላይ ተቀዶብኛል፤ እሰፋዋለሁ። ተመልሼ ጥግሽን ባዶ ሳየው ግን ከንቱ ልፋት መሆኑ ገባኝ። አብረን እንደምንኖር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የስም ዝርዝሩ ደግሞ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ተቃውሞ ያለው ይናገር ተብሏል።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂዋለሽ። ግንባታ ላይ ወድቄ ቤት በዋልኩ ሰሞን፣ "እጅ እግር እያለው የሰው እጅ የሚያይ ሰው አልወድም" አልሽ። ስለ አንድ ጎረቤት ነበር ያወራሽው።
እኔም ሰምቻለሁ።

ውሃ ዛሬ ተራችን ስለሆነ ጀሪካኖቹን ሞልቻለሁ። ሰማያዊው ያፈሳል፤ በሱ ጀምሪ። ቁልፉን እትዬ ወይንሀረግ ጋ ትቼዋለሁ።

ሳይመጡብኝ እኔው ቀበሌ ሄጄ እውነቱን ልናገር ወጥቻለሁ። ይሰርዙኝ ይሆን፣ ይከሱኝ ይሆን፣ አላውቅም።

ተላልፈን አንቺ ጋ ቀድመው ከመጡ አትዋሺልኝ። ዕቃዬን ደብቃ ነበር በያቸው። የፈለግሽውን በያቸው።

ሰነፍ ናት ብቻ አትበያቸው።

ሶረቲ